«ታውሪን» በአማርኛ ምን ይባል?

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? ስለ ልብ ሕመም የሚናገር የቤተ ሙከራ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ሳለሁ «ታውሪን» ከሚል የአሚኖ አሲድ ስም ላይ ደርሼ ቆምሁ። መዝገበ ቃላት ባገላብጥ አላገኘሁትም። መጀመሪያ የተገኘው ከበሬ ሐሞት መሆኑን ሳነብ «የሐሞት አሲድ» ብዬ ጻፍሁ፤ ረቂቁን ያየልኝ ጓደኛዬ ግን «አንባቢው ስለ ወኔ የምትጽፍ ይመስለዋል» ብሎ ሳቀብኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ (ከጎንደር ከተማ)፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ጓደኛህ የሳቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ሐሞቱ ፈሰሰ» ስንል ወኔው ከዳው፣ «ሐሞተ ኮስታራ» ስንል የማይበገር ደፋር ማለታችን ነውና። «ልበ ሙሉ»ም ከዚያው ጎራ ነው፤ ይሁን እንጂ ልብ ከድፍረት በላይ የማስተዋል ማደሪያ ስለ ሆነ «ልብ አድርግ» እንላለን እንጂ «ሐሞት አድርግ» የሚል ጎንደሬ ሰምቼ አላውቅም። በዓል ሲሆን በጨጓራና በጉበት ላይ ጠብ የምናደርጋት ያች መራራ አረንጓዴ ፈሳሽ ለጀግንነት ምሳሌ ሆነች እንጂ ለአእምሮ አልሆነችም።

የትርጉምህ ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው። የሐሞት አሲድ የሚባለው ጉበት ከኮሌስትሮል የሚሠራው ሌላ ነገር ሲሆን፣ ታውሪን ከእርሱ ጋር እየተጣመረ ቅባት እንዲፈጭ ያግዛል፤ ስለዚህ ለአንዱ የሌላውን ስም ሰጥተኸዋል። ታውሪንን በ1827 እ.ኤ.አ. ከበሬ ሐሞት የለዩት ቲዴማንና ግሜሊን የተባሉ ጀርመናውያን ናቸው፤ ስሙም የመጣው በላቲን በሬ ማለት ከሆነው «ታውሩስ» ነው። ይህ ቃል ለእኛ ባዕድ እንዳይመስልህ፤ በግእዝ በሬ «ሶር» ይባላል፤ ኮከብ ቆጣሪዎቻችን ከዐረብኛ ወስደው «ሠውር» የሚሉት ኮከብም ያው በሬው ነው። የላቲኑና የሴሙ ቃል ዝምድና እንዳላቸው ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ይገምታሉ። እንግዲህ ዘመዱን በስሙ ጥራው፤ «ታውሪን» ብለህ ጻፍና ሲጀምር ብቻ በአንድ ሐረግ አብራራው።

አስተያየት (ከአንዲት የቤተ ሙከራ ባለሙያ)፦ የኔታ ባሉት እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ታውሪን «አሚኖ አሲድ» (የፕሮቲን መገንቢያ) የሚባለው በልማድ ነው፤ የአሲድነት ጠባዩን የሚሰጠው ክፍል ድኝ ያለበት በመሆኑ ከሌሎቹ ይለያል፣ ፕሮቲን ለመገንባትም አይገባም። በልብ ጡንቻ ውስጥ ግን በብዛት ይገኛል። የልብ ተመራማሪዎችን ትኩረት በእጅጉ የሳበው በ1987 እ.ኤ.አ. ፒዮን የተባለ የእንስሳት ሐኪምና ባልደረቦቹ ስለ ድመቶች ያወጡት ጥናት ነው። ድመት ታውሪንን በበቂ መጠን መሥራት ስለማትችል ከምግቧ ማግኘት አለባት፤ በደማቸው ውስጥ ታውሪን ያነሰባቸው ድመቶች ልብ ደም የመርጨት አቅሙ ደክሞ ተገኘ፣ ታውሪን ሲሰጣቸውም አገገመ። ከዚያ ወዲህ የድመት መኖ አምራቾች መጠኑን ከፍ አደረጉ። ፒያሳ ባሉ ሱቆች በጣሳ የሚሸጠው የኃይል መጠጥ ላይ ስሙን አይቶ «የኮርማ ውጤት ነው» የሚል ደንበኛም አጋጥሞኛል፤ ዛሬ ግን ለመጠጥ የሚውለው በፋብሪካ የሚቀመም ነው።

ጠያቂው፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዐረፍተ ነገሩን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ታውሪን የተባለው፣ መጀመሪያ ከበሬ ሐሞት የተገኘው አሚኖ አሲድ ባነሳቸው ጊዜ ድመቶቹ ልባቸው ሰፋ፤ ሲሰጣቸውም ዳኑ።»

መልስ፦ ታውሪኑ አሁን ተስተካክሏል፤ «ልባቸው ሰፋ» ግን ይነሣ። «ልበ ሰፊ» ታጋሽ ማለት ነውና ድመቶቹ በረኃብ ጊዜ ትዕግሥት የተማሩ ይመስላል። «የልባቸው ክፍሎች ተለጠጡ» በል።