መጽሐፉ ከደራሲው ቀድሞ ይድረስ፦ ለትናንሽ የገበያ ከተሞች የደራስያን መድረክ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ በትናንሽ የገበያ ከተሞች ደራስያንንና አንባቢዎችን የሚያገናኝ መድረክ እንዴት ይዘጋጅ በሚለው ላይ አንድ የጋራ ሐሳብ ለማቅረብ ተስማምተናል። ረቂቁን እንድጀምር ስለታዘዝኩ ይኸው። በዓመት አንድ ጊዜ የ2 ቀን የሥነ ጽሑፍ በዓል ይዘጋጅ፤ 6 ደራስያን ይጋበዙ፤ መግቢያው በነፃ ይሁን ይላል። ልቤን ያነሣሣችው በዌልስና በእንግሊዝ ድንበር ላይ ያለችው ሄይ-ኦን-ዋይ ናት። ነዋሪዋ 2,000 እንኳ አይሞላም፤ ገበያዋ ሐሙስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የጀመረችው የመጻሕፍት በዓል ግን ዛሬ ከዓለም ዙሪያ ሰው ይጠራል። ትንሽ ከተማ ይህን ማድረግ ከቻለች ሌላዋም ትችላለች ብዬ አምናለሁ። ሐሳባችሁን ጨምሩበት፤ የማይሆነውንም አውጡት።

አንጋፋው መጽሐፍ ሻጭ፦
ጸሐፊያችን፣ ምሳሌህ ጥሩ ነው፤ ግን ታሪኩን ከመሐል ጀመርከው። ሄይ በዓል ከማዘጋጀቷ በፊት መጽሐፍ ነበራት። ሪቻርድ ቡዝ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቀድሞውን የእሳት አደጋ ጣቢያ ወስዶ ያገለገሉ መጻሕፍት መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ሲኒማ ቤቱም የመጻሕፍት መደብር ሆነ፤ ሌሎች ሻጮችም ተከተሉ። በ1977 ሚያዝያ 1 ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከተማዋን ነፃ መንግሥት፣ ራሱንም ንጉሥ ብሎ ሲያውጅ ጋዜጠኛው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። በዓሉ የመጣው መደብሮቹ ከተከፈቱ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በስኮትላንድም ዊግታውን የምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1998 የመጻሕፍት ከተማ ተብላ ስትመረጥ መጀመሪያ የገቡት ሻጮች ናቸው። ደራሲ ሰው በሚያነብበት ቦታ ይደምቃል፤ መጽሐፍ ባልደረሰበት ቦታ 6 ደራሲ መጥራት ግን ለስድስቱም ድካም ነው። እኔ 40 ዓመት ያህል መጽሐፍ ሸጫለሁ። ሰው የማያውቀውን መጽሐፍ ለመግዛት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያገላብጠዋል፤ የማያውቀውን ደራሲ ለመስማት ሥራውን ዘግቶ ይመጣል ማለት ያስቸግረኛል።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ፦
ጋሼ ያሉትን በዓይኔ ስላየሁት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደራሲ ጋብዘን ነበር። 200 ወንበር ደረደርን፤ ባነር ሰቀልን፤ የመጣው ሰው ከእኛ ከአዘጋጆቹ ጋር 13 ነው። ደራሲው ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ በአውቶቡስ ነው የመጣው፤ መጽሐፎቹም በዚያው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አብረውት መጡ። መድረክ ላይ ወጥቶ ፈገግ እያለ «ያነበባችሁት አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም እጁን አላወጣም። እኔ ራሴ ከምዕራፍ ሁለት አላለፍኩም ነበር፤ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ምን ይነጋገር? 40 ደቂቃ አነበበ፣ አጨበጨብን፣ አለቀ። ማታ ወንበር ስናጥፍ አብሮን አጠፈ። ካርቶኑ ጥግ ላይ እንደታሸገ ነበር፤ ፕላስተሩ እንኳ አልተላጠም።

ጥፋቱ የታዳሚው አይደለም፤ የእኛ ነው። ስለዚህ የረቂቁ የመጀመሪያ አንቀጽ ይቀየር እላለሁ፦ መጽሐፉ ከደራሲው 6 ሳምንት ቀድሞ ይድረስ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ሲያትል ናንሲ ፐርል የምትባል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የከተማው ሰው በሙሉ አንድ መጽሐፍ ቢያነብስ ብላ ጀመረች፤ ከ3 ዓመት በኋላ ቺካጎ ወሰደችው፤ ከዚያ በብዙ ከተሞች ተዛመተ። ትልቅ ከተማ ላይ የሠራው ሐሳብ ትንሽ ከተማ ላይ ይበልጥ ይቀላል፤ ምክንያቱም አንድ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ የት እንደደረሰ ይታወቃል።

ሒሳቡን እንዲህ አስቡት። 20 ቅጂ ይገዛ። አንድ ሰው ለ10 ቀን ቢይዘው በ6 ሳምንት ውስጥ አንዱ ቅጂ 4 ሰው ይደርሳል። 80 አንባቢ ማለት ነው። በየመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ አንድ ወረቀት እንለጥፍ፤ ያነበበ ሁሉ ቀኑንና ደራሲውን ሊጠይቀው የሚፈልገውን አንድ ጥያቄ ይጻፍበት። ወረቀቶቹን ሰብስበን ደራሲው ከመምጣቱ በፊት እንልክለታለን። ያኔ የሚመጣው ወደማያውቀው አዳራሽ ሳይሆን ጥያቄያቸውን ወዳነበበላቸው ሰዎች ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
የወረቀቷን ነገር ወድጄዋለሁ። እኔ የመጣሁት ስለ ገንዘቡ ነው። 6 ደራስያን ማለት 6 መጓጓዣ፣ 6 ማደሪያ፣ 6 ክፍያ ነው፤ አንድ ትንሽ ማኅበር በዚህ መንገድ አንድ ዓመት ሠርቶ ይፈርሳል። በየ3 ወሩ አንድ ደራሲ ይሻላል። በዓመት 4 ይሆናሉ፤ አንዱ ባይሳካ እንኳ ሌላው ይቀጥላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ። በበጀቱ የመጀመሪያ መሥመር ላይ የደራሲው ክፍያ ይጻፍ። ድምፅ ማጉያ አከራዩ ይከፈለዋል፣ ወንበር አከራዩ ይከፈለዋል፣ ባነር አታሚው ይከፈለዋል፤ ሰው ሁሉ ሊሰማው የመጣው ሰው ግን «መጽሐፍህ ይተዋወቅልሃል» ተብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። እንግሊዛዊው ደራሲ ፊሊፕ ፑልማን እ.ኤ.አ. በ2016 የኦክስፎርድ የሥነ ጽሑፍ በዓል ደጋፊነቱን በፈቃዱ የለቀቀው በዓሉ ለደራስያን ስለማይከፍል ነበር። እንደ እሱ ስም ያለው ሰው እንዲህ ካለ፣ በደመወዝ እየኖረ ሌሊት የሚጽፈው ደራሲ ምን ይበል? መክፈል የማንችል ከሆነ ቀኑን እናራዝመው እንጂ በነፃ አንጥራ።

ነፃ መግቢያ የሚለውንም እንደገና እንየው። በነፃ የተሰጠ ትኬት ዝናብ ሲዘንብ ኪስ ውስጥ ይቀራል።

የሥነ ጽሑፍ መምህርት፦
ስለ ክፍያው ከገንዘብ ያዣችን ጋር ነኝ፤ ስለ ትኬቱ ግን አይደለሁም። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1853 በበርሚንግሃም ለበጎ አድራጎት ሥራውን ለሕዝብ ሲያነብ፣ አንደኛው ምሽት ለሠራተኛው በርካሽ ዋጋ እንዲሆን ራሱ ጠይቆ ነበር። አዳራሹንም ሞሉለት። ከ1858 ጀምሮ በክፍያ እያነበበ ብዙ ገንዘብ አግኝቷል፤ መንገዱን የከፈተለት ግን ያ የርካሽ ትኬት ምሽት ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። የሚችል ይክፈል፤ መጽሐፉን አንብቦ ጥያቄውን ወረቀቱ ላይ የጻፈ ግን በነፃ ይግባ። ስሙ በር ላይ ካለው ዝርዝር ይገኛል። ተማሪዎቼን አውቃቸዋለሁ፤ ለዚህ ብለው ያነባሉ።

የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዋ፦
መምህርት፣ ሐሳብሽ መልካም ነው፤ ነገር ግን ማንበብ የማይችለውስ? እኔ ሱቄ ውስጥ ገበያተኛ ሲቀዘቅዝ አነባለሁ። ጎኔ የምትሸጠው ጎረቤቴ ፊደል አልቆጠረችም። አንድ ቀን ጮክ ብዬ ሳነብ ሰምታ በርጩማዋን ይዛ መጣች። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ገና ጨርቁን ሳልዘረጋ «ልጅቷ ከዚያስ ወዴት ሄደች?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ካለ እሷ አላነብም፤ አሁን አራት ሆነዋል። እነዚህን ሴቶች በር ላይ «አንብበሻል?» ብሎ የሚጠይቅ መድረክ እንዳይሆንብን። የሰማም እንዳነበበ ይቆጠር።

ሰዓቱን ደግሞ እናንተ የቢሮ ሰዎች ስለሆናችሁ አልደረሳችሁበትም። በገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ማንም ዕቃውን ጥሎ አይመጣም። ማታ ካላችሁ ደግሞ ከገጠር የመጣው መንገድ ይዟል፤ መኪና ያመልጠኛል ብሎ ይሮጣል። ገበያው ሳይሞቅ ጠዋት ላይ አንድ ጥግ ይዞ 10 ደቂቃ ማንበብ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ አይቻልም። ዋናውን ውይይት በማግሥቱ አድርጉት። በማግሥቱ ነጋዴው ያርፋል፣ ሒሳቡን ይዘጋል፣ ጆሮም ይኖረዋል።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ፦
እኅቴ፣ ይህን ሳላስብ ወረቀት ብቻ መቁጠሬ ቆጨኝ። የሰማ ሰው ጥያቄውን ይንገረን፤ እኛ እንጽፍለታለን። ለገበያው ንባብ ከ20ው ቅጂ ሁለቱ ይለዩ።

ወጣቱ አባል፦
ስለ መድረኩ አሠራር ማንም ስላላነሣ ልጨምር። አወያዩ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ይሁን። ብዙ ጊዜ ድምፁ ጥሩ የሆነ ሰው ይመረጣል፤ እንዲህ ሲሆን ወይ ደራሲው ራሱን ያስተዋውቃል፣ ወይ አወያዩ ብቻውን ያወራል። እኔ የምለው ንባብ 15 ደቂቃ፣ ከአወያዩ ጋር ወግ 25፣ የታዳሚ ጥያቄ 20። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አንድ ሰው ለ2 ደቂቃ ብቻ። ይህን የምለው ክብር ለማሳነስ አይደለም፤ ተናጋሪ በበዛ ቁጥር የሚያጥረው የጥያቄው ሰዓት ስለሆነ ነው።

ወንበር 60 ይብቃ፤ በግማሽ ክብ ይደርደር። ሰው ቢበዛ ከኋላ ይጨመራል፤ ባዶ ወንበር ግን ከፊት ያለውን ሰው ያሳቅቀዋል። ጠያቂው ጋ የሚዞር ሁለተኛ ማይክ ይኑር። ማይክ ከሌለ አወያዩ ጥያቄውን ደግሞ ይንገር፤ ከኋላ ያለው ሰው ጥያቄውን ሳይሰማ መልሱን ብቻ ሲሰማ ተስፋ ይቆርጣል።

ቀኑን ዩኔስኮ በ1995 በሠየመው የዓለም የመጽሐፍ ቀን፣ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 23 ብናደርገውስ?

አንጋፋው መጽሐፍ ሻጭ፦
ልጄ፣ የወንበሩን ነገር ልክ ብለሃል። ቀኑን ግን ተወው። ያን ዕለት ደራስያኑን ሁሉም ይፈልጋቸዋል፤ ትንሽ ከተማ በተሻሚ ቀን አትመረጥም። ከአራቱ አንዱ በዚያ ወር ከዋለ ይበቃል።

የሽያጩን ነገር ለእኔ ስጡኝ። ከአከፋፋዩ ጋር ያልተሸጠውን እንድንመልስ አስቀድመን በጽሑፍ እንስማማ፤ አለበለዚያ ኪሳራው ማኅበሩ ላይ ይወድቃል። ጠረጴዛው መውጫው በር አጠገብ ይሁን፣ ዝርዝር ገንዘብ ይዘጋጅ። ለፊርማ የሚሰለፈው ሰው ስሙን በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ እንዲይዝ አንድ ልጅ ከነእስክሪብቶው ይቁም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። አንድ ጊዜ ደራሲው በጸሎቱ «ጸ» የምትጽፈውን ሴት በፀሐዩ «ፀ» ጻፈላት። ሴትዮዋ አመስግና ሄደች፤ ደጅ ቆማ ግን ገጹን ስታየው አየኋት። ስሟ እኮ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የ2 ቀኑን በዓል ትቼዋለሁ፤ አልከራከርም፣ አሳምናችሁኛል። ረቂቁ አሁን እንዲህ ይነበባል፦

«በየ3 ወሩ አንድ ደራሲ ይጋበዛል፤ ክፍያው፣ መጓጓዣውና ማደሪያው ከግብዣው ደብዳቤ ጋር ይገለጻል፤ ገንዘቡ ሳይሟላ ደብዳቤ አይላክም። ደራሲው ከመምጣቱ 6 ሳምንት በፊት የመጽሐፉ 20 ቅጂ በአንባቢዎች እጅ ይገባል፤ ከነዚህ ሁለቱ በገበያ ቀን ጠዋት ጮክ ተብለው ይነበባሉ። ያነበበውም የሰማውም ጥያቄውን ያስመዘግባል፤ ያስመዘገበ በነፃ ይገባል፤ ሌላው መጠነኛ ክፍያ ይከፍላል። ውይይቱ በገበያው ማግሥት ለ60 ደቂቃ ይካሄዳል።»

የወንበሩ፣ የማይኩና የሽያጩ ዝርዝር በአባሪ ይገባል። የልጆች ንባብ ለብቻው ስለሚታይ እዚህ አላስገባሁትም። ያልቋጨነው የመጀመሪያው መጽሐፍ ምን ይሁን የሚለው ነው። እኔ ገጹ ከ200 የማይበልጥ፣ ለ10 ቀን የሚበቃ ይሁን እላለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
«መጠነኛ» የሚለው ቃል ላይ ቁጥር እስኪገባ ድረስ አልፈርምም። የአዳራሹን ኪራይ ጠይቄ እመለሳለሁ። ቀሪው ተስማምቶኛል።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ፦
ቅጂዎቹ ካርቶን ውስጥ ተቀምጠው እንዳይሰነብቱ ከአሁኑ እንከፋፈል። አምስቱን እኔ እወስዳለሁ።

የሥነ ጽሑፍ መምህርት፦
ስድስት ለተማሪዎቼ።

የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዋ፦
ሁለቱ የገበያው ናቸው፣ ተነጋግረናል። ፊደሉ ደቀቅ ያለ መጽሐፍ ግን አትምረጡ፤ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ብርሃን የለም።