ሱሉክታ የምትባለው የከሰል ከተማ እንዴት ተፈጠረች?

ጠያቂ፦
ሰላም ናችሁ። ካርታ ላይ የኪርጊስታንን ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ሳይ ሱሉክታ የምትባል ትንሽ ከተማ አገኘሁ። ተራራ ስር ነች፤ የታጂኪስታን ድንበር አፍንጫዋ ስር ነው። ትልቅ ወንዝም ሆነ ዋና መንገድ አይታየኝም። የድንጋይ ከሰል ከተማ እንደሆነች አነበብኩ፤ ግን ከሰል የወጣበት ሁሉ ከተማ አይሆንም። እዚህ ምን ተፈጥሮ ነው?

መልስ 1፦
ነገሩ የሚጀምረው ከማገዶ ነው። ከሱሉክታ በታች ያለውን ፈርጋና ሸለቆ ጥጥና ፍራፍሬ ሞልቶታል፣ ደን ግን የለውም። የሩሲያ ጦር በ1865 ታሽከንትን (የዛሬዋን የኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ)፣ በ1866 ደግሞ ዛሬ ታጂኪስታን ውስጥ ያለችውን ኩጃንድን ያዘ (ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ጦር ሰፈሩም ሰፋሪውም የሚያነደው ፈለገ። ሱሉክታ ላይ ቁፋሮ የተጀመረው በ1868 ነው፣ ኩጃንድ በተያዘ በሁለት ዓመቱ! በዛሬዋ ኪርጊስታን የመጀመሪያው የከሰል ማውጫ እሱ ነው።

መልስ 2፦
ልክ ነው፣ ግን ሐዲዱ አይረሳ። የሱሉክታ ከሰል ቡናማው ዓይነት ነው። ይሄ ከጥቁሩ ያነሰ ሙቀት ይሰጣል፣ አየር ሲያገኘው ይፈረካከሳል፣ ተከምሮ ከቆየ ደግሞ በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ከጉድጓድ እንደወጣ ቶሎ መጫን አለበት። ጠባቡ ሐዲድ ዛሬ ታጂኪስታን ውስጥ እስካለችው ፕሮሌታርስክ ድረስ ወርዶ ከዋናው የባቡር መስመር ጋር ያገናኘው ነበር። እኔ ሱሉክታን ከተማ ያደረጋት እሱ ነው እላለሁ።

መልስ 3፦
የከተማነት ማዕረግ ያገኘችው በ1940 ነው። በዓመቱ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሶቪየት ኅብረት ደረሰ፣ ጀርመኖች የዩክሬንን የከሰል አካባቢ ዶንባስን ያዙ፣ ሶቪየት ኅብረት ዋናውን የከሰል ምንጯን አጣች። ያኔ የእነዚህ ተራሮች ከሰል በጣም ተፈለገ። ሌሎቹ የኪርጊስታን የከሰል ከተሞች ኮክ ጃንጋክና ታሽ ኮሙር በ1943 ከተማ የሆኑት በዚያ ጊዜ ነው። ታሽ ኮሙር ትርጉሙ ራሱ "የድንጋይ ከሰል" ነው። ኪርጊስታንንም የመካከለኛው እስያ ምድጃ ይሏት ነበር።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ታዲያ አሁንስ?

መልስ 2፦
በ1991 ሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ፣ ድሮ የክፍለ ሀገር ወሰን ያህል የነበረው መስመር የሁለት አገር ድንበር ሆነ። ሱሉክታ ደግሞ ከክልሏ ዋና ከተማ ከባትከን ይልቅ ለኩጃንድ ትቀርባለች። ገበያዋም መውጫዋም ወደዚያ ነበር። በ2021 ባትከን ክልል ውስጥ ደም ያፋሰሰ ግጭት ተነስቶ ድንበሩ ተዘጋ። ሰዉ ጎረቤቱን ለማየት እንኳ አልቻለም፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። መጋቢት 2025 ላይ ሁለቱ ፕሬዚዳንቶች የድንበር ስምምነት ፈርመው መሻገሪያዎች ተከፍተዋል። ከሰሉም ዛሬ ድረስ ይቆፈራል።