እንደ ሐዋርያት ዘመን የሚተሳሰብ ጉባኤ አለ?

የኮተቤዋ፦
ሰላም ቅዱሳን። ከእኛ ጋር የምትዘምር አንዲት እህት የቤት ኪራይ ተጨመረባትና ልጆቿን ይዛ ከከተማ ዳር ወጣች። እኛ የሰማነው ከሄደች በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን ለድምፅ ማጉያ አዋጡ ተባለ፤ ገንዘቡ ወዲያው ሞላ! የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ላይ አማኞቹ ያላቸውን እየሸጡ ለተቸገረው ያካፍሉ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አለ? ወይስ የቀዘቀዝነው እኛ ብቻ ነን?

እማማ ሰንበቴ፦
ልጄ፣ አለ እንጂ። በእኛ ደብር ሰንበቴ አለ፤ ተረኛው ዳቦና ጠላ ይዞ ይመጣል፣ ነዳያንም ይቀምሳሉ። ጽዋ ማኅበር ላይ የቀረች ካለች "ምን ሆና ነው?" ተብሎ ቤቷ ይኬዳል። እውነቱን ልንገርሽ ካልሽ ግን፣ የምንበረታው ሰው ሲሞት ነው። ድንኳኑም ንፍሮውም ሳይጠሩት ይደርሳል። በቁሟ ኪራይ ላጣች ሴት የእድራችን ደንብ አንቀጽ የለውም።

ዘካርያስ፦
የጥንቶቹንም መላእክት አናድርጋቸው። ምዕራፍ 6ን አንብቡ፤ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለቱ እደላ ተዘለሉና ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያቱ እነ እስጢፋኖስን፣ ሰባት ሰው አስመርጠው ሥራውን ሰጧቸው። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የመበለቶች መዝገብ ነበር፤ ዕድሜዋ ከ60 ያነሰ አትገባም፣ ቤተሰብ ያላት በቤተሰቧ ትረዳ ይላል። ፍቅራቸው ዝርዝር ነበረው። እናንተ ጋ የድምፅ ማጉያው ኮሚቴ አለው፤ የተቸገረ ሰውስ?

ቤይሩት ያለሁ፦
በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞችን ቆንስላችን በር ላይ እየጣሉ ሄዱ። ሻንጣቸውን ተንተርሰው አስፋልት ላይ ያደሩ እህቶች ነበሩ። ሥራ ያላቸው ሐበሾች ምግብና ፍራሽ አዋጡ። ክርስቲያን ናት ሙስሊም ብሎ የጠየቀ አላየሁም። ስለዚህ ጥያቄሽ ላይ "ቅዱሳን" ብቻ ባትዪ ደስ ይለኛል።

የኮተቤዋ፦
ልክ ነሽ እህቴ። ዘካርያስ፣ መዝገቡ ገብቶኛል፤ ግን ማን ይያዘው? የኪራይ ችግር ገመና ነው። ስሟ በጉባኤ ከሚነበብ ጎዳና ብትወጣ የምትመርጥ አለች።

እማማ ሰንበቴ፦
አታንብቡዋ! ሁለት አፋቸው የታሰረ ሴቶች ምረጡ። ገንዘቡን ለአከራዩ በቀጥታ ይክፈሉ።

ዘካርያስ፦
አንዷ ሒሳብ የምታውቅ ትሁን። በየሦስት ወሩ ስም ሳትጠራ ምን ያህል እንደወጣ ብቻ ትናገር።