የቪትዜ ቼክ ኢንጅን አልጠፋ አለኝ፤ አዳማ ያላችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገን። መኪናዬ ቪትዝ ናት። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫው የሞተር ምልክት በርቶ ቀርቷል። ከተማ ውስጥ ዝም ብሎ ይበራል። በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ስወጣና ነዳጅ ጫን ሳደርግ ግን ብልጭ ድርግም ይላል፤ መኪናዋም ጉልበት ታጣለች። ሚኒሞ ላይ (ቆሜ፣ ነዳጅ ሳልሰጥ ሞተሩ ሲሠራ) መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል።

አንዱ ጋራዥ ባትሪውን ነቅሎ መልሶ ሲሰካው መብራቱ ጠፋ፤ ሒሳቡንም ተቀበለኝ። ሞጆ ሳልደርስ በራ! ሌላው በኮምፒውተር አይቶ ፒ0302 አለኝ፤ ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። እሺ፣ ምክንያቱስ? ካንዴላ፣ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው)፣ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው)፣ ሁሉንም ቀይር ባይ ነው። ከሞተሩ ይልቅ ኪሴን ያየ ነው የመሰለኝ።

የሁለተኛው ኮይል ከአንደኛው ጋር ተቀያይሮ ኮዱ ወደ ፒ0301፣ ማለትም ወደ አንደኛው ሲሊንደር ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። መካኒኩን እንዲህ ሞክርልኝ ብለው ይቀየመኛል? ደግሞ ዕቃ ከመቀየሩ በፊት የሚፈትሽ፣ አሮጌውንም የሚያስረክብ ሰው ካወቃችሁ ጠቁሙኝ። ብልጭ ድርግም እያለ አዲስ አበባ ድረስ ብነዳትስ ካታላይዘሩ (የጭስ ማጣሪያው) ይቃጠልብኛል? ቅዳሜ የግድ መሄድ አለብኝ።