ሊፍት ጌት አስገጠምኩ፤ ኤር ባግ ብጨምርበት የመጫን አቅሙ ከፍ ይላል?

ጠያቂ፣ ከዳላስ
ሰላም ወንድሞችና እህቶች። ባለ 26 ጫማ ቦክስ ትራክ (ጀርባው የተዘጋ ሳጥን የሆነ የጭነት መኪና) አለኝ። በሹፌሩ በር ጎን የተለጠፈው ወረቀት ጠቅላላ ክብደቱ ከ26,000 ፓውንድ እንዳያልፍ ይላል። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) የለኝም። ባለፈው ወር ሊፍት ጌት (ከኋላ ዕቃ የሚያነሳና የሚያወርድ መድረክ) አስገጠምኩ። በፊት ባዶውን ሳስመዝነው ፊት 5,600፣ ኋላ 9,000 ነበር። አሁን ፊት 5,000፣ ኋላ 10,800 ሆነ። ድሮ በቀላሉ የማነሳትን የ11,000 ፓውንድ ሎድ ሳስብ ፈራሁ፣ ጀርባው ይሰምጣል። የጋራዡ ልጅ «ኤር ባግ (ጀርባውን የሚደግፍ በአየር የሚሞላ ከረጢት) አስገባበትና እንደፈለክ ጫን» አለኝ። እውነት ነው? ደግሞ ሊፍት ጌቱ 1,200 ፓውንድ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ። ኋላው ግን 1,800 ጨመረ። ተሸወድኩ እንዴ?

ከዴንቨር
አልተሸወድክም። ፊቱ 600 ቀንሷል አይደል? 1,800 ላይ 600 ቀንስ፣ 1,200 ይመጣል። ሊፍት ጌቱ ከኋላ አክስል (ጎማዎቹን ከሚይዘው ብረት) አልፎ ስለሚንጠለጠል ፊቱን ያነሳዋል፣ ድንጋይ በዲጅኖ እንደሚፈነቀለው። ያነሳው ክብደት በሙሉ ኋላ ላይ ያርፋል። ወረቀቱ ላይ ለኋላ አክስል ብቻ የተጻፈ ሌላ ቁጥር አለ። ስንት ይላል?

ጠያቂ
19,000።

ከአትላንታ
ወንድሜ፣ እባክህ የጋራዡን ልጅ አትስማው። ኤር ባግ ጀርባውን ቀና ያደርግልሃል፣ ክብደቱ ግን የትም አልሄደም። አክስሉ ያው፣ ፍሬኑ ያው፣ ጎማው ያው ነው። የወረቀቱም ቁጥር አይለወጥም። አስበው፦ ባዶው 15,800 ሆኗል። 11,000 ስትጭን 26,800 ነው። ይህ ከልክ በላይ በመጫን ብቻ አያበቃም። ለሲዲኤል የሚታየው ወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥርና ከትክክለኛው ክብደት የሚበልጠው ነው። 26,001 ከገባህ ያለ ሲዲኤል እንደነዳህ ነው የሚቆጠረው።

ከሲያትል
እኔ ሰሚ (ተሳቢ የሚጎትት ትልቅ መኪና) ነው የምነዳው። ኤፒዩ (ዋናው ሞተር ጠፍቶ ለመኪናው ኃይል የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ) ሳስገጥም የፌደራል ሕጉ ለእሱ እስከ 550 ፓውንድ ተጨማሪ እንደሚፈቅድ ነገሩኝ። ያ ግን ሞተር ሳይነሳ ለሚሠራ መሣሪያ ብቻ የተሰጠ ነው፣ ክብደቱን የሚያሳይ ወረቀትም ይዘህ መሄድ አለብህ። ለሊፍት ጌት እንዲህ ያለ ነገር የለም።
አገር ቤት ረዳት እያለሁ አይሱዙው ላይ ባሌስትራ ደርበን ነበር። ዓባይ በረሃን ስንወርድ የፍሬኑ ሽታ ጋቢና ድረስ ይገባል። ባሌስትራው ምንም አልሆነም። ያልቻለው ፍሬኑ ነው። እስከዛሬ ያ ሽታ አይረሳኝም።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ባላችሁት ሙሉ በሙሉ አምናለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? ሎዱ 11 ፓሌት (ዕቃ የተደረደረበት መደብ) ነው፣ እያንዳንዱ 1,000።

ከዴንቨር
ሎዱን ያገናኘህን ብሮከር (ደላላ) ዛሬውኑ ደውለህ አንዱን ፓሌት አስቀንስ። የቀሩትን 10 ሁለት ሁለት አድርገህ ከፊት ግድግዳ ጀምረህ ደርድር፣ ክፍት ቦታው ከኋላ ይቅር። ኋላ ብታከማቸው ጠቅላላው 25,800 ሆኖም አክስሉ ሊያልፍብህ ይችላል። መንገድ ሳትጀምር ተመዘን።

ጠያቂ
አሁን ከሚዛን ወረድኩ። ፊት 7,600፣ ኋላ 18,200። ብሮከሩ ትንሽ አጉረመረመ፣ የፓሌቷን ሂሳብ ቀነሰ፣ ግን ተስማማ። ኤር ባጉን ሰርዣለሁ።