ለኮሌጅ መግቢያ ድጋፍ የሚሰጡ የግል ፋውንዴሽኖችን ስለ መጠየቅ፦ ለዋሽንግተን አካባቢ ማኅበራት የቀረበ ጥቆማ

ጥያቄ

በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምንገኝ የኢትዮጵያውያን ወላጆች ማኅበር ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በፈቃደኛ መምህራን እናስጠናለን፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ደግሞ ከወላጆቻቸው ጋር አስቀምጠን የኮሌጅ ማመልከቻቸውንና የፌዴራሉን የትምህርት ድጋፍ ቅጽ፣ ፋፍሳን፣ እናስሞላቸዋለን። እስካሁን የሠራነው በአባላት መዋጮ ነው። ባለፈው ዓመት ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተብለን ስለተመዘገብን፣ ወደ ከፍተኛ ትምህርት መግባትን የሚደግፉ የግል ፋውንዴሽኖችን፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቤተሰብ ወይም ኩባንያ ሀብት ለበጎ አድራጎት የሚሰጡ ተቋማትን፣ ለመጠየቅ አስበናል። ሦስት ነገር እንድትጠቁሙን በአክብሮት እንጠይቃለን። በየትኛው ፋውንዴሽን ብንጀምር ይሻላል? የፋውንዴሽን መፈለጊያ አገልግሎት ከፍሎ መግዛት ያስፈልጋል? አንድ ፕሮፖዛል (የድጋፍ ማመልከቻ) ጸሐፊ ከሚገኘው ገንዘብ 10 በመቶ እንዲሰጠው ጠይቆናል፤ ይህስ ተገቢ ነው?

የማኅበሩ ጸሐፊ

ጥቆማ

እኅቴ፣ ውል ከተፈረመ በኋላ መመለስ ስለሚከብድ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። በመቶኛ ልከፈል የሚለውን ጸሐፊ አትቀበሉት። በአሜሪካ የግራንት (የድጋፍ ገንዘብ) ባለሙያዎች ማኅበርም ሆነ የገንዘብ አሰባሳቢ ባለሙያዎች ማኅበር አባሎቻቸው ከሚገኘው ድጋፍ ላይ ድርሻ እንዳይወስዱ በሥነ ምግባር ደንባቸው ይከለክላሉ። ፋውንዴሽኑ ገንዘቡን የሚሰጠው በበጀቱ ላይ ለተጻፈው ሥራ ስለሆነ፣ ከዚያው ላይ ለጸሐፊ 10 በመቶ መቁረጥ ለተማሪው ታስቦ የተሰጠውን ማጉደል ነው። ጸሐፊ የግድ ካስፈለጋችሁ ዋጋው አስቀድሞ የተቆረጠ ይሁን፤ ክፍያውም ከራሳችሁ መዋጮ ይውጣ።

ዋጋ መቁረጥ ብቻውን ግን አያድንም። እኔ በቦርድ አባልነት ያገለገልኩበት ማኅበር ከዓመታት በፊት አንድ አማካሪ በቁርጥ ዋጋ ቀጥሮ ነበር። አማካሪው አንዱን ፕሮፖዛል የተቀባዩን ስም ብቻ እየለወጠ ለሃያ ስድስት ፋውንዴሽኖች ላከው፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ሳይጋበዝ የሚመጣ ማመልከቻ እንደማይቀበሉ በራሳቸው የግብር ሰነድ ላይ ገልጸው እንደነበር የተረዳነው በኋላ ነው። አንድም በጎ መልስ አልመጣም። ከገንዘቡ ይልቅ እስካሁን የሚያንገበግበኝ የባከነው የትምህርት ዓመት ነው፤ በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ልናደርስላቸው ያሰብነው እርዳታ ሳይደርሳቸው አለፉ።

ስለዚህ ዋናው ጥቆማዬ አንድ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት የፋውንዴሽኑን የግብር ሰነድ እንድታነቡ ነው። በአሜሪካ ማንኛውም የግል ፋውንዴሽን ለአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤት፣ ለአይ አር ኤስ፣ በየዓመቱ ፎርም 990 ፒ ኤፍ የተባለውን ሰነድ ያቀርባል፤ ሰነዱም ለሕዝብ ክፍት ነው። በዓመቱ የተሰጠው ድጋፍ ለማን፣ ስንት ዶላር፣ ለምን ዓላማ እንደሆነ በውስጡ ተዘርዝሯል። ፋውንዴሽኑ አስቀድሞ ለመረጣቸው ድርጅቶች ብቻ የሚሰጥ ከሆነም ምልክት የሚያደርግበት ሣጥን አለ፤ ያ ሣጥን ምልክት ካለበት፣ ከቦርዱ አባላት አንዱን የሚያውቅ ሰው ከሌላችሁ በስተቀር ጊዜያችሁን አታጥፉበት።

ይህን ሰነድ ማንበብ የሚጠቅምበት ሌላም ምክንያት አለ። ሕጉ የግል ፋውንዴሽን ከኢንቨስትመንት ሀብቱ በየዓመቱ 5 በመቶ ገደማ ለበጎ አድራጎት እንዲያወጣ ያስገድደዋል። 2 ሚሊዮን ዶላር ያለው አንድ የቤተሰብ ፋውንዴሽን በዓመት ወደ 100,000 ዶላር ማከፋፈል አለበት ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ፋውንዴሽኖች ብዙዎቹ ድረ ገጽም ሆነ ሠራተኛ የላቸውም፤ መኖራቸው የሚታወቀው በዚህ ሰነድ ብቻ ነው። ለእናንተ መጠን ላለው ማኅበር ደግሞ ስማቸው ከገነነው ይልቅ እነዚህ ይቀርባሉ ብዬ አምናለሁ።

ወደ መፈለጊያዎቹ ስመጣ፣ የፕሮፐብሊካ የዜና ተቋም ያዘጋጀውን ኖንፕሮፊት ኤክስፕሎረር አስቀድማለሁ። በነፃ ይሠራል፤ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የገቡትን የግብር ሰነዶች ውስጣቸው ገብቶ በቃል መፈለግ ያስችላል። የእናንተን የመሰለ ሥራ የሚሠራ፣ ለምሳሌ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆችን ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ ድርጅት ስም አስገብታችሁ የትኞቹ ፋውንዴሽኖች እንደሰጡት ማየት ትችላላችሁ። ድካም አለው፤ ሰነዶቹም የአንድና የሁለት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው።

ፋውንዴሽን ዳይሬክተሪ በሚል ስም የሚታወቀው የካንዲድ መፈለጊያ ከዚህ በጣም የተደራጀ ነው። ካንዲድ እ.ኤ.አ. በ2019 ፋውንዴሽን ሴንተርና ጋይድስታር ተዋሕደው የመሠረቱት ተቋም ሲሆን፣ ዳይሬክተሪው በአካባቢ፣ በዘርፍ፣ በገንዘብ መጠንና በተቀባይ ዓይነት እየለየ ያሳያል። የደንበኝነት ክፍያው ለትንሽ ማኅበር የሚከብድ ቢሆንም፣ ካንዲድ በመላ አገሪቱ ከብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጋር ስለሚሠራ እዚያ ተገኝቶ በነፃ መጠቀም ይቻላል። በአቅራቢያችሁ የትኛው ቤተ መጻሕፍት ይህ አገልግሎት እንዳለው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጠይቁ፤ ከመሄዳችሁ በፊት የምትፈልጉትን በወረቀት ጽፋችሁ ሁለት ሰው ሆናችሁ ብትሄዱ በአንድ ከሰዓት ብዙ ሥራ ይሠራል። ኢንስትሩመንትል የተባለው ሌላው የክፍያ አገልግሎት የማመልከቻ ቀኖችን በመከታተል በኩል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ሥራ የተመደበ ደመወዝተኛ ላለው ድርጅት እንጂ ለእናንተ ዛሬ አልመክረውም። አሁን ምንም አትግዙ።

የትኛው ፋውንዴሽን ለሚለው፣ በመጀመሪያ ለተማሪ የሚሰጡትንና ለድርጅት የሚሰጡትን መለየት ይገባል። የግል ፋውንዴሽን በቀጥታ ለግለሰብ ስኮላርሺፕ መስጠት ሲፈልግ የአመራረጥ ሥርዓቱን አስቀድሞ በአይ አር ኤስ ማጸደቅ ስላለበት፣ ብዙዎቹ ገንዘባቸውን በኮሌጆችና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች በኩል ያሳልፋሉ። በቨርጂኒያ፣ በላንስዳውን የሚገኘው ጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን በይበልጥ የሚታወቀው ለተማሪዎች በሚሰጠው ስኮላርሺፕ ነው። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም ከሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለሚዛወሩ ጎበዝ ተማሪዎች በዓመት እስከ 55,000 ዶላር የሚደርስ ድጋፍ ይሰጣል። ይህንን በማኅበሩ የበጀት ዕቅድ ውስጥ አታስገቡት፤ ይልቁንስ በአካባቢያችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ በሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ለሚማሩት ልጆቻችሁ ዛሬውኑ ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ መኖሩን ሳያውቁ ጊዜው ያልፍባቸዋል።

ከታላላቆቹ መካከል በኢንዲያናፖሊስ የሚገኘው ሉሚና ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተ ሲሆን፣ መነሻ ሀብቱ የተገኘው ዩኤስኤ ግሩፕ የተማሪ ብድር ሥራውን ሳሊ ሜይ ለተባለው የተማሪ ብድር ኩባንያ ሲሸጥ ነው። ሥራው በሙሉ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ያለውን ትምህርት የሚመለከት በመሆኑ ብዙ ማኅበራት ስሙን ሲሰሙ ይጓጓሉ፤ ትኩረቱ ግን በስቴቶች ፖሊሲና በኮሌጆች አሠራር ላይ እንጂ በአንድ ሰፈር የቅዳሜ ጥናት ላይ አይደለም። በሚሺጋን የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው ክሬስጊ ፋውንዴሽንም በትምህርት ዘርፉ በአሜሪካና በደቡብ አፍሪካ ከፍ ባለ ደረጃ ይሠራል። የሁለቱንም ጽሑፎች አንብቡ፤ ችግሩን የሚገልጹበት ቋንቋ ለደብዳቤያችሁ ይጠቅማል። ማመልከቻ ግን አትላኩላቸው።

እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን እዚሁ አጠገባችሁ ባለው እጀምራለሁ። ሞሪስና ግዌንዶሊን ካፍሪትዝ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በዋሽንግተንና በዙሪያው ላሉ ድርጅቶች የሚሰጥ ሲሆን ትምህርት ከዘርፎቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው የታላቋ ዋሽንግተን ኮሚዩኒቲ ፋውንዴሽን በሕግ አነጋገር የግል ፋውንዴሽን አይደለም፤ ከብዙ ሰጪዎች የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድር የሕዝብ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በሥሩ የራሳቸውን ፈንድ የከፈቱ ቤተሰቦች ስላሉ እዚያ መታወቅ ብቻውን በር ይከፍታል። የሁለቱንም የወቅቱን መመሪያ ከገጻቸው አንብባችሁ፣ ጥያቄ ካላችሁ ለፕሮግራም ኦፊሰሩ፣ ማለትም ማመልከቻዎችን ለሚመለከተው የፋውንዴሽኑ ሠራተኛ፣ አጭር መልእክት ጽፋችሁ የሃያ ደቂቃ ቀጠሮ ጠይቁ። ከእኛ ማኅበራት ብዙዎቹ ባለሥልጣን ማስቸገር እየመሰላቸው ይህን ይፈሩታል፤ የፕሮግራም ኦፊሰር ሥራው ግን ይኸው ነው።

ተጨማሪ ጥቆማ፣ ከአንድ የማኅበር ሒሳብ ሹም

ወንድማችን በጻፉት ሁሉ እስማማለሁ፤ ከሒሳብ በኩል የጎደለውን ልሙላ። ፋውንዴሽን ደብዳቤያችሁን ከወደደው ቀጥሎ የሚጠይቀው የአይ አር ኤስ ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ የቦርድ አባላት ዝርዝር፣ የዓመቱ በጀትና ያለፈው ዓመት የሒሳብ መግለጫ ነው። የዓመት ገቢያችሁ በመደበኛነት ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ የምታቀርቡት ፎርም 990 ኤን የተባለውን አጭር የኤሌክትሮኒክ ቅጽ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካላቀረባችሁ ግን ከግብር ነፃነታችሁ በሕግ በራሱ ይሰረዛል። በሜሪላንድ ደግሞ በስቴቱ ዋና ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት ስለ መመዝገብ ያለባችሁን ግዴታ አጣሩ። የማኅበሩ መዝገብ እንደ ዕድር መዝገብ በአንድ ሰው እጅና በአንድ ደብተር ብቻ የሚኖር ከሆነ አሁኑኑ ለውጡት፤ ገንዘብ ጠባቂውና ሒሳብ መርማሪው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ነገር ልጨምር። የሕዝብ በጎ አድራጎት ድርጅት ሆኖ ለመቆየት በመደበኛው መስፈርት በአምስት ዓመት ስሌት ከድጋፋችሁ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ከሕዝብ የመጣ መሆን አለበት፤ በዚህ ስሌት ከአንድ የግል ፋውንዴሽን ወይም ከአንድ ግለሰብ የሚመጣው ገንዘብ የሚቆጠረው ከጠቅላላው ድጋፍ እስከ 2 በመቶው ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ግራንት ሲገኝ የአባላትን መዋጮ ማቆም ስሕተት ነው። በየወሩ የሚሰበሰበው አሥርና ሃያ ዶላር በሕግ ፊት ከመጠኑ በላይ ክብደት አለው።

ጥያቄ፣ ከጸሐፊዋ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በደብዳቤው ላይ ምን ያህል ገንዘብ መጠየቅ፣ ስለ ሥራችንስ ምን መጻፍ እንዳለብን ብትጨምሩልን?

መልስ

ገንዘቡን በተመለከተ ፋውንዴሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያውቃቸው ትንንሽ ድርጅቶች ምን ያህል እንደሰጠ ከሰነዱ አይታችሁ ከዝቅተኛው አካባቢ ጠይቁ። የዓመት በጀታችሁ 20,000 ዶላር ከሆነ 50,000 መጠየቅ አያሳምንም።

ስለ ሥራችሁ ስትጽፉ የአካባቢውን ችግር በሰፊው ከመተረክ ይልቅ የምታዩትን ቁጥር ጻፉ። ስንት ተማሪ ጀመረ፣ ስንቱ ፋፍሳን ጨረሰ፣ ስንቱ ተቀባይነት አገኘ፣ ስንቱ በመስከረም ክፍል ገባ? የመጨረሻውን ጥያቄ አጥብቄ አነሣለሁ። ተቀባይነት አግኝተው በክረምቱ ውስጥ የሚቀሩ ልጆች አሉ፤ የገቢ ማረጋገጫ ሲጠየቅ ወላጅ ደብዳቤውን ሳይረዳው ይቀራል፣ የክትባት ቅጽ ይጎድላል፣ የመጀመሪያው የክፍያ ሰነድ ሲመጣ ቤተሰቡ ይደነግጥና ልጁ ለአንድ ዓመት ሥራ ልግባ ይላል። በትምህርት ቤት ያለው አማካሪ በክረምት አይገኝም፤ ኮሌጁም ልጁን ገና አያውቀውም። በዚህ ክፍተት ውስጥ አማርኛ ተናግሮ ከእናትየው ጋር ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ያለው የእናንተ ማኅበር ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ለእያንዳንዱ ተመራቂ በየሁለት ሳምንቱ ስልክ ትደውሉ እንደሆነ ጻፉ፤ የማትደውሉ ከሆነም የምትጠይቁት ድጋፍ ለዚህ ይሁን፤ ለአንድ የትርፍ ጊዜ ሠራተኛ የሦስት ወር ክፍያ ግልጽና የሚለካ ጥያቄ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችን ብዛት ለማሳየት የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው በነፃ የሚያወጣውን በቤት የሚነገር ቋንቋ መረጃ ተጠቀሙ፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚያዘጋጁትን መረጃ በአማርኛ ጭምር ማውጣታቸውም ጥሩ ማስረጃ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከጸሐፊዋ

ባላችሁን መሠረት ከሒሳብ ሹማችን ጋር ሁለት ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ዋልን። ይዘን የሄድነው የአሥራ አራት ፋውንዴሽኖች ስም ነበር። ዘጠኙ ሣጥኑ ላይ ምልክት አድርገዋል፤ ሦስቱ በሜሪላንድ ሰጥተው አያውቁም። ከቀሩት ሁለቱ አንደኛው ድረ ገጽ የሌለው የቤተሰብ ፋውንዴሽን ሲሆን፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ለትንንሽ የማስጠኛ ፕሮግራሞች ከ5,000 እስከ 12,000 ዶላር ሰጥቷል። ለክረምቱ የስልክ ክትትል 7,500 ዶላር የሚጠይቅ የሁለት ገጽ ደብዳቤ አዘጋጅተናል፤ በመቶኛ የጠየቀንንም ጸሐፊ አመስግነን አሰናብተናል። ባለፈው ዓመት ከተመረቁት አሥራ አንድ ልጆች መካከል በመስከረም ኮሌጅ የገቡት ስንት እንደሆኑ ለማረጋገጥ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እየደወልን ነው፤ እስካሁን ስምንቱን አግኝተናል።