የገና ሰሞን ሜዳው ለባዛር ወይስ ለሩር?

የጠባሴ ልጅ፦ ሰላም የደብረ ብርሃንና የአካባቢው ሰዎች። እኛ ሰፈር ያለው ሜዳ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ለባዛር ይከራያል። ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያ፣ የፕላስቲክ ዛፍ። ልጅ ሆነን በዚህ ሰሞን እዚያው ሜዳ ላይ የገና ጨዋታ እንጫወት ነበር። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘን እንወጣለን፤ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተብለን እንከፈላለን፤ ሩሯን፣ ማለትም ኳሷን፣ የሌላውን ድንበር ያሻገረ አሸነፈ። አንድ ብር አይወጣበትም። የዛሬ ልጆች የገናን ሰሞን የሚያውቁት «ግዙልኝ» በሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ ከገና በፊት ያለው ሳምንት ሜዳው ለጨዋታ ይለቀቅ እላለሁ። እናንተስ?

ቅቤ ነጋዴ፦ ልጄ፣ እኔ ቅቤና እንቁላል ነው የምሸጠው። ከህዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ነው። ከ40 ቀን በላይ ገበያዬ ቀዝቅዞ ይከርማል። የማገግመው በገና ዋዜማ ባሉት አምስት ስድስት ቀናት ነው። ለአንተ ግርግር የሆነው ለእኔ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ሰው ወደ ሜዳው ካልመጣ ማን ይገዛኛል?

የመንዝ ሰው፦ መሐል ሜዳ ከተማ አካባቢ ነው ያደግኩት። «ሳምንቱን ሙሉ» የሚባለው እኛ ዘንድ አልነበረም። ታኅሣሥ ውቂያ ነው። ገብሱ ከአውድማ ሳይገባ ትልቅ ሰው ሜዳ አይወጣም። ቀድመው የሚለማመዱት እረኞች ናቸው። የገና ዕለት ከሰዓት ግን ሁሉም ይወጣል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚያ ነው። አያቴ የጭቃ ሹሙን ቁርጭምጭሚት መትቶ ማንም ምንም አላለውም፤ እስኪሞት ያወራት ነበር።

የሦስት ልጆች እናት፦ ሁላችሁም ስለ ሜዳ ታወራላችሁ። ጥድፊያው ያለው ማጀት ነው። ጠላው ይጠነሰሳል፣ ሊጡ ይቦካል፣ ቤቱ ይጸዳል። በጋድ፣ በዋዜማው ዕለት፣ ዶሮው 12 ብልት ወጥቶ ተደጋግሞ ይታጠባል። ሽንኩርቱ ብቻውን ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ቶሎ ቶሎ ካላማሰሉት ያራል። በዚያ ውርጭ እጄ በቀዝቃዛ ውኃ ደንዝዞ ይውላል። ሌሊት ቅዳሴ ቆሜ አድራለሁ። ጠዋት ቤተሰቡን አስገድፌ ቁጭ ስል እንቅልፍ ይጥለኛል። የገና ጨዋታ ካየሁ ስንት ዓመቴ! ሜዳው ቢለቀቅም የምንወጣው እኛ አይደለንም። ወንዶቹ ሜዳ ከመውጣታቸው በፊት ሽንኩርት ይላጡ፣ ውኃ ይቅዱ። ደግሞ ዳኛ ይኑር። ባለፈው ዓመት የልጄ ቅልጥም በዱላ ተመትቶ ሁለት ሳምንት አንክሷል።

የጠባሴ ልጅ፦ እናታችን፣ ልክ ነዎት። ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔም ቤት ሽንኩርቱን የምትልጠው እናቴ ናት። ዘንድሮ እኔ እልጣለሁ። ዳኛ ላሉትም፣ የገና ጨዋታ በባህል ስፖርት ውድድሮች ውስጥ ያለ ነው፤ የተጻፈ ሕግ አለው።

እትዬ ቅቤ ነጋዴ፣ ባዛሩ ለእርስዎ ቢሆን ኖሮ አልከራከርም። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ግን ሶፋና ቴሌቪዥን ነው። ቅቤ ሻጮቹን የማያቸው በር ላይ፣ አቧራው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው ነው። የኪራዩን ብር ስለማይችሉት አይደለም?

ቅቤ ነጋዴ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ድንኳኑን አንድም ቀን አልገባሁበትም። ግን ሰው የሚመጣው በድንኳኑ ምክንያት ነው።

የጠባሴ ልጅ፦ እንግዲያው ሳምንቱን ትቼዋለሁ። ባዛሩ ጋድ ማታ ይነሳ፤ የገና ዕለት ከሰዓት ሜዳው ባዶ ይሁን። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜም ግማሹ ለልጆች መለማመጃ ይከለል። ማታ ማታ ደግሞ እሳት ዳር እንቆቅልሽ እናጫውታቸው። ለቀበሌ የሚገባውን ማመልከቻ እኔ እጽፋለሁ፤ የሚፈርም ይንገረኝ።

የሦስት ልጆች እናት፦ ዳኛ ካለ እፈርማለሁ።

የመንዝ ሰው፦ እኔም አለሁ። ዱላውን ግን ከአሁኑ ቁረጡ። እርጥብ እንጨት ይከብዳል፤ የልጅ እጅ ቶሎ ያደክማል።